ሙንሺው ያወቀው ፊት

የከተማችን የሸገይ ሰው ሙምሊካትን ባነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ባሏ አሟሟት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔም ከዚያው ልጀምር።

ባሏ ዘርዋሊ ገበያው መሀል ፎቶ ቤት ነበረው። አንድ ጊዜ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ለዒድ ተኳኩላ፣ አባቷ እጇን ይዞ አመጣትና ዘርዋሊ አነሳት። ፎቶው ስላማረ አባትየውን አስፈቅዶ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ። ፀሐዩ ቀይ ቀሚሷን አደበዘዘው፣ አባቷም ሞተ፣ ፎቶው ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። ፎቶ አያድግም፤ ልጅቷ ግን አደገች፣ ፊቷን ከወንድ መሸፈን ጀመረች፣ ታጨች። አንድ ዓርብ ከስግደት መልስ ሦስት ወንድሞቿ መጡና «እህታችንን ገበያ ላይ አውጥተህ የምታስጎበኝ አንተ ማነህ?» አሉት። ዘርዋሊ ሳቀ። ቀልድ መስሎታል፣ ምስኪን! «ይህቺ እኮ ሕፃን ናት» አላቸው። መስኮቱን በዱላ አደቀቁት፤ ከዚያ ታላቅየው ከስባሪው ረዘም ያለውን አንሥቶ አንገቱ ውስጥ ከተተው። ሙምሊካት ስትደርስ ባሏ በገዛ መስተዋቱ ላይ ተዘርሮ ነበር። በሻሿ ደሙን ልታቆም ስትታገል የልጅቷ ወንድሞች ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥተው በአጠገቧ አልፈው ሄዱ።

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ልጅ አልወለደችም። አርባው ሳይወጣ የባሏ ታላቅ ወንድም «ቤቱ የወንድሜ ነው፣ አንቺም ከቤቱ ጋር ነሽ» ብሎ ሊወርሳት መጣ። የጆሮውን ጫፍ በጥርሷ ቆርጣ ሰደደችው። ሰውየው እስከዛሬ ድረስ ጥምጣሙን ወደ ግራ አዘንብሎ ነው የሚያስረው። ከዚያ ወዲህ ላግባሽ ብሎ በሯን ያንኳኳ ወንድ የለም፤ ቢያንኳኳም ጆሮውን ይዞ ይሆን ነበር።

ሸገይ ውስጥ ከዘርዋሊ በኋላ ፎቶ ቤት የከፈተ የለም። የሴቶች ፎቶ ሁሉ ሳጥን ግርጌ፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር ገባና ምስጥና እርጥበት ይበላው ጀመር። ይህን የሰማ የሙምሊካት ወንድም ለሥራ ከሄደበት ከሻርጃ ስካነርና ኮምፒውተር ላከላት። ኮምፒውተሩ ውስጥ የድሮ ፎቶ የሚያድስና የሚያደራጅ ፕሮግራም አለ። የደበዘዘውን ያደምቃል፣ የተቀደደውን ይጠግናል፣ በየዓመቱ ይደረድራል፤ ከሁሉ በላይ ግን ፊት ይለቅማል። አንድ ሰው ሃምሳ ፎቶ ውስጥ ተበትኖ ቢገኝ ከሕፃንነቱ እስከ ሽበቱ ሰብስቦ በአንድ ማኅደር ያስቀምጠዋል። ሙምሊካት ስሙን «ሙንሺ» አለችው፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሰው ማመልከቻ እንደሚጽፈው ጸሐፊ። ሥራው ሲዘገይባት «ሙንሺዬ ዛሬ አኩርፎኛል» ትላለች።

ወንድ ያልነካው፣ ወንድ ያላየው ሥራ ስለሆነ ሴቶቹ በቡርቃቸው ሥር አልበም ሸጉጠው ይመጡላት ጀመር። በሦስት ዓመት ውስጥ የከተማው ግማሽ ቤት የእሷ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ።

ሙንሺው ግን አንድ ደዌ ነበረበት፤ ደዌው ደግሞ የእሱ ሳይሆን የእኛ ነው። ሸገይ ውስጥ ሰው የአጎቱን ልጅ ያገባል። አባቱም የአጎቱን ልጅ ነው ያገባው፣ አያቱም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ አፍንጫ መቶ ሰው ላይ ይዞራል። ሙንሺው ሠላሳ ወንድ አንድ ማኅደር ውስጥ ይከትና «ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው» ብሎ ቁጭ ይላል። ሙምሊካት በጆሯቸው፣ በቅንድባቸው፣ በአቋቋማቸው እያየች አንድ በአንድ ትለያቸዋለች። ይህን ግን ለአንድም ነፍስ አልተናገረችም። ሴቶቹ ሲመጡ እሷ የለየችውን እያሳየች «ሙንሺዬ ሰው አይስትም» ትላቸው ነበር። ሙያ ያለው ሰው ፍርፋሪውን ጠርጎ ነው እንግዳ የሚጠራው፤ ኩራት ናት። ያቺ ኩራቷ ናት በኋላ ሰው ያስበላችው።

በዚያ ክረምት ሁለት ሴቶች ተከታትለው መጡ። ሁለቱ ቤቶች የአንድ አያት ልጆች ናቸው፣ በመካከላቸው ግን ደም አለ። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ይባል የለ? ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ተዋብ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የአጎቱን ልጅ በአካፋ ራሱን ከፈለው፣ ሲወድቅ ደግሞ በጠመንጃ ሦስት ጊዜ ደገመው፣ ከዚያም ጠፋ። የሟቹ ሚስት፣ ሺሪንጃና የሚባሉት፣ ሁለት ወንድ ልጆች ይዘው ቀሩ። የገዳዩ እናት ዋዚራም ተዋብ ሲሸሽ ገና ያልተወለደ ልጁን፣ የልጅ ልጃቸውን ሶህባትን ይዘው ቀሩ።

መጀመሪያ የመጡት ዋዚራ ነበሩ። ሙምሊካት የፎቶ ጥቅላቸውን ስትፈታ በሠርግ ፎቶዎች መካከል የተገነዘ ሬሳ አገኘች፤ ፊቱ ብቻ ተገልጧል። ቀብር ላይ ላልደረሰ ዘመድ እንዲህ ያለ ፎቶ ይላካል። አሮጊቷ ሲያዩት እንደ ተወጋ ሰው ጮኹ።

«እሷን ፎቶ ስጪኝ! እሷ ተሳስታ ነው የመጣች።»

«ተዋብ ነው?»

«ዝም በይ! ዱኪ፣ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ ደረቱን ይዞት ሞተ፣ ሁለት ዓመቱ። የማውቀው እኔና እህቴ ናዝሚና ብቻ ነን። አሁን ደግሞ አንቺ።»

ሙምሊካት ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ገዳይ በሕይወት ካለ ደሙ የሚፈለገው ከእሱ ነው። በሕመም ከሞተ ግን ዕዳው አብሮት አይቀበርም፤ ወደ ቅርብ ወንዱ ይተላለፋል። የተዋብ ቅርብ ወንድ ሶህባት ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም ከሙምሊካት ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለመጪው ወር ሠርጉ ተቆርጧል። አሮጊቷ ቁርኣን አስመጥተው አስማሏት። ሙምሊካትም እጇን ጭና ማለች፣ ሬሳውንም ሙንሺው ውስጥ አላስገባችም።

ቀጥለው ሺሪንጃና መጡ፣ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ፎቶዎቻቸውን በትልቅ ቴሌቪዥን ማየት ፈልገው። ሙንሺው ከአርባ ልጃገረዶች መካከል የስምንት ዓመቷን ሺሪንጃናን መዞ ሲያወጣላቸው እያለቀሱ ሳቁ።

«ይኼ ነገር ሰው ቢያረጅም ያውቃል ማለት ነው?»

«ሙንሺዬ ሰው አይስትም አላልኩዎትም?»

ሺሪንጃና ቤታቸው ገብተው ለልጆቻቸው ይህንኑ እንዳለ አወሩ። ክፋት አልነበራቸውም፣ ደስ ብሏቸው ነው።

በማግስቱ ሙምሊካት ምሳዋን ልትበላ ስትቀርብ ሺሪንጃና ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለቱ ልጆቻቸው። ወንድ ብቻውን የሴት ቤት አይገባምና እናታቸውን እንደ በር ቁልፍ ይዘው መምጣታቸው ነው። ታላቅየው ኖሸርዋን መጀመሪያ በጨዋ ደንብ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ከደረት ኪሱም ፎቶ አወጣ። የራሱ የግርዘት ድግስ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ አንድ ጎረምሳ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። ጎረምሳው ተዋብ ነው። አባቱን የገደለው ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

«አክስቴ፣ ይህን ፊት ማሽንዎ ውስጥ ይፈልጉልን። ከተማው ሁሉ እርስዎ ጋ ነው ያለው። የሆነ ሰው ሠርግ ላይ፣ የሆነ ቦታ ቆሞ ይገኛል።»

«አይሆንም፣ ልጄ። እዚህ ያለው የሰው ሚስት፣ የሰው እህት ነው። የአንተን እናት ፎቶ ለሌላ ወንድ ብከፍት ደስ ይልሃል?»

«አክስቴ ብያለሁ።»

«እኔም ልጄ ብያለሁ።»

ታላቁን «ላላ» ብሎ የሚጠራው ታናሽየው ባክታዛዳ ትዕግሥት የለውም። «ላላ፣ ከሴት ጋር ስትከራከር ልትውል ነው?» አለና ወንበሯን በእርግጫ መታው። ሙምሊካት ወድቃ ተነሥታ ኮምፒውተሩን ለማጥፋት እጇን ስትዘረጋ ኖሸርዋን የሽጉጡን ሰደፍ ጣቶቿ ላይ አወረደው። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አንዴ። ሁለት ጣቷ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እሷው ራሷ ሰማችው። ሺሪንጃና «በአላህ! ሴት ናት!» ብለው መሀል ሲገቡ ታናሽየው እናቱን በክንዱ ገፍቶ አልጋው ላይ አስቀመጣቸው።

ስካነሩ ላይ ፎቶ ማስቀመጥ ማንም ይችላል፤ «ይህን ሰው ፈልግ» የሚለውም ቁልፍ በኡርዱ ተጽፏል። ሙንሺው ትንሽ አሰበና አሥራ አራት ፎቶ ደረደረ። አሥራ ሦስቱ የድሮ ናቸው። አሥራ አራተኛው ከዋዚራ ጥቅል የመጣ ነው፤ ሙምሊካት እነዚያን ገና አልለየቻቸውም ነበር። ሙሉ ሰው፣ ጺማም፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ሊጥ፣ የናን ዳቦ በሚጋገርበት በታንዶር ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል። ከራሱ በላይ «ሀሪፑር፣ የባቡር ጣቢያው ናን ቤት» የሚል ሰሌዳ ይነበባል።

«እሱ ነው!» አለ ኖሸርዋን። «ዓይኑን አልረሳውም። እሱ ነው!»

አልነበረም። ሰውየው ጉልፋራዝ ነው፣ የናዝሚና ልጅ፣ የተዋብ የአክስቱ ልጅ። ሀሪፑር ተወልዶ ሀሪፑር ያደገ፣ ሸገይን በዓይኑ ያላየ የሠላሳ ዓመት ሰው። የታንዶሩ እሳት ፊቱን ቀድሞ ስላስረጀው አርባ ይመስላል። ሰው ግን ማሽን ከነገረው በኋላ የነገረውን ነው የሚያየው።

ባክታዛዳ ፎቶውን በሞባይሉ አነሳ፣ የራሱን ሽጉጥ ወገቡ ላይ አስተካከለ፣ ወጣ። ሞተር ሳይክሉ ውጪ ሲያጓራ ተሰማ። ሀሪፑር የሦስት ሰዓት መንገድ ናት። ኖሸርዋን የሙምሊካትን ስልክ ነጥቆ ኪሱ ከተተና በሩ ላይ ተቀመጠ። «እሱ እስኪደውል ማንም ከዚህ አይወጣም» አለ።

«አልሰማኸኝም፣ ሰውየው ተዋብ አይደለም!» አለች ሙምሊካት፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣብቃ። «ጆሮውን እየው! የተዋብ ጆሮ ከጉንጩ ጋር የተጣበቀ ነው፣ የዚህ የተንጠለጠለ ነው። ሙንሺው ይሳሳታል፤ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ እኔ ነኝ የማርመው።»

«ትናንት ለእናቴ ምን ነበር ያልሻት? ሰው አይስትም አላልሽም?»

«አልኩ።»

«ያን ጊዜ ነው የዋሸሽ ወይስ አሁን?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እዚህ ደግሞ ሞኙም ወረቀቱም አንድ ላይ ተገናኝተዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ለመነችው፣ ሰደበችው፣ እንደገና ለመነችው። እሱ ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ ያገላብጣል።

አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። «ተዋብ ሞቷል» ብትል፣ ዋዚራ ሳጥን ውስጥ ያለውን ሬሳ ሂዱና እዩ ብትል፣ ባክታዛዳ ከመንገድ ይመለስ ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ግን የሶህባት የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። ኖሸርዋን ሽጉጡን ይዞ እዚህ ተቀምጧል፤ ሶህባት ጋ ለመድረስ አሥር እርምጃ አይሞላም። አፏን ከከፈተች ልጁ ክሩን ሳይቋጥር ይሞታል። ካልከፈተች ሀሪፑር ያለው ይሞታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ሙምሊካት ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች። ራሷን ጠላች፣ ሙንሺውን ጠላች፣ ከሁሉ አብልጣ ያንን በሩ ላይ የተቀመጠውን ጠላች።

ከዚያ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ዘግይቶ መጣ።

«ኖሸርዋን፣ አንድ ነገር ላሳይህ። ሽጉጥህን ከፈለግክ አንገቴ ላይ አድርገው። በእጄ የለየሁትን ሁሉ ላጥፋና ሙንሺው ብቻውን እንደገና ይልቀም። ምን እንደሚያወጣ አንተው በዓይንህ ታያለህ።»

«ፎቶውን ልታጠፊው ነው።»

«ፎቶው በወንድምህ ስልክ ውስጥ አይደል? ምን አጠፋለሁ?»

ሺሪንጃና ከአልጋው ላይ «ተዋት፣ ታሳይህ» አሉ። ልጁ ተነሥቶ የሽጉጡን አፍ ማጅራቷ ላይ ደገነ። ሙምሊካት በግራ እጇ የሦስት ዓመት ሥራዋን አጠፋች። ስም የሰጠቻቸው ሁሉ፣ ወንድም ከወንድም፣ አጎት ከወንድም ልጅ፣ በሦስት ዓመት የለየችው ዘር ሁሉ ሄደ። ሙንሺው ከአንድ ጀምሮ መቁጠር ያዘ። አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ ነበር፤ ቁጥሩ ሲንቀረፈፍ እያዩ ሦስቱም ቆሙ። ሁለተኛው ሰዓት አልፎ ሦስተኛው ሊገባደድ ደረሰ። አሁንም ልትናገር ትችል ነበር። አሁንም አልተናገረችም።

ሲጨርስ ትልቁን ማኅደር ከፈተችው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፤ ሙንሺው «አንድ ሰው» ብሎ የሰበሰበው።

«ሺሪንጃና፣ ይምጡ። ይህ ማነው?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን አጥብበው ቀረቡ። «ባሌ ነው። የሠርጋችን ቀን።»

«ይህስ?»

«ተዋብ... ውሻው።»

«ይህ ናን ጋጋሪው ነው። ይህስ?»

ሺሪንጃና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኖሸርዋን ነበር። ባለፈው ዒድ አዲስ ኮት ለብሶ የተነሳው ኖሸርዋን፣ ከገዳዩና ከአባቱ መካከል ተደርድሯል። ከሥሩ ባክታዛዳ በልጅነቱ አለ፤ ከዚያ ሰባት አጎቶች አሉ።

«ሙንሺው አንተ ነህ አባትህን የገደልከው እያለህ ነው» አለችው ሙምሊካት። «ሰው አይስትም ካልክ በል ሽጉጡን ወደ ራስህ አዙረው!»

ኖሸርዋን የራሱን ፊት አየ። የሽጉጡ አፍ ከማጅራቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ደውልለት!» ብለው እናቱ ጮኹ። «ደውል፣ አንተ ልጅ! ደውል!»

ደወለ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገመ። ሦስተኛው ላይ ተነሣ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ሰው እየሮጠ ሲተነፍስ ይሰማል።

«ላላ፣ አበቃ። አባታችን ዛሬ ይተኛል።»

በኋላ ከሀሪፑር የመጡ ሰዎች አወሩን። ባክታዛዳ ተራ ይዞ እንደ ደንበኛ ቆመ፤ ተራው ሲደርስ ስሙን እንኳ አልጠየቀም። ጉልፋራዝ «ስንት ናን ልስጥህ?» ብሎ ቀና ሲል የመጀመሪያው ጥይት ጉሮሮው ላይ፣ ሁለተኛው ደረቱ ላይ አረፈ። ወደ ፊት ተደፍቶ በታንዶሩ አፍ ገባ። ሰዎቹ በእግሩ ጎትተው እስኪያወጡት ድረስ ከወገቡ በላይ ተቃጥሎ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት።

ኖሸርዋን ስልኩን ጣለ። ከዚያ ሽጉጡ ውስጥ ያሉትን ጥይቶች በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አራገፋቸው። የስክሪኑ ፍንጣሪ የሙምሊካትን ጉንጭ ሰነጠቀው። እናቱ ሺሪንጃና ጫማቸውን አወለቁና የሠላሳ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ፊቱን፣ ራሱን፣ አፉን እየደጋገሙ መቱት። እሱም እጁን ሳያነሣ ቆሞ ተመታ። ደም ለመመለስ የሄዱት ሰዎች አሁን ራሳቸው ደም አለባቸው፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ባክታዛዳ ወደ ተራራው ሸሸ፣ ኖሸርዋንም ከቤቱ መውጣት ተወ።

ሙምሊካት ጣቶቿን ወጌሻ ዘንድ አሳሰረች፣ ጉንጯን አሰፋች። ጎረቤት መጥቶ «አንቺ ምን ታደርጊ? ሽጉጥ ደግነውብሽ» ሲላት «እውነት ነው» ትላለች። ወዲያው ደግሞ ፊቷን ታዞራለች።

በአራተኛው ቀን የጉልፋራዝ እናት ናዝሚና ከሀሪፑር መጣች። እህቷ ዋዚራ ቤት ገባች፣ ብዙም ሳትቆይ ወጣችና ሙምሊካት በር ላይ ቆመች። ሙምሊካት ልታቅፋት ተነሣች፤ ናዝሚና እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አስቆመቻት። አልተቀመጠችም፣ የቀረበላትንም ውሃ አልጠጣችም።

«እህቴ አስምላሽ ነበር?»

«አስምላኝ ነበር።»

«ተዋብ መሞቱን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያ ሰው ወደ ልጄ ሲጋልብ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ እዚህ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር፣ ናዝሚና። ብናገር ሶህባት ይሞት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ነበረ፤ የስፌት መኪናው ይሰማኝ ነበር። አሥር እርምጃ እኮ ነው። ደግሞ የእህትሽ የልጅ ልጅ ነው፣ የገዛ ሥጋሽ ነው። እኔ... ሁለቱንም አተርፋለሁ ብዬ ነው።»

ናዝሚና የሙምሊካትን የታሰረ እጅ አየችው፣ የተሰፋ ጉንጯን አየችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሶህባት የእኔ ልጅ አይደለም» አለች።